ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ እህል መቼ ይሸጥ ማዳበሪያስ እንዴት ይገዛ

ከተማ ተቀምጠን ዶላር ጨመረ ሲባል ትዝ የሚለን ዘይትና ስልክ ነው፣ ማዳበሪያም ግን ከውጪ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ድጎማ ቢኖርም ማዳበሪያው እንደድሮው አልሆነም።

ስለዚህ ጥር ላይ ሙልጭ አርጎ መሸጥ ይቅር። ብድሩ፣ ግብሩ፣ ሰርጉ ባንዴ ስለሚመጣ ገበሬው ሁሉ እኩል ጭኖ ገበያ ይወጣል፣ ነጋዴውም ይሄን አሳምሮ ያውቃል። አባቴ አንድ አመት ጤፉን በሙሉ ጥር ላይ ሸጦ ብሩን ለማዳበሪያ ብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ ሰኔ ላይ ብሩ እንዳለ አለ ግን ያሰበውን ግማሽ እንኳን አልገዛለትም፣ ነሐሴ ላይ ደሞ ቤቱ በቆሎ ገዝቶ በላ (የላኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አልረሳውም)።

ከአውድማ ሲገባ የቀለቡ፣ የዘሩና የማዳበሪያው ድርሻ ለየብቻ ይቀመጥ። የማዳበሪያውን በብር ሳይሆን በጤፍ አቆዩት፣ ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም። በቆሎ ግን ፒክስ የሚባለው ባለሶስት ድርብ ከረጢት ይፈልጋል፣ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ይሻግታል። መድረቁን ለማየት ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ክዳኑን ግጠሙና ወዝውዙት፣ ትንሽ ቆይቶ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ መልሱት።

ማዳበሪያውን ቀበሌ ላይ ምዝገባ እንደተጀመረ ይመዝገቡ፣ ማዳበሪያ ከሚያከፋፍለው የገበሬዎች ህብረት ስራ ማህበር ደረሰኝ ሳይቀበሉ ብር እንዳይሰጡ። 2015 ላይ ዘግይቶ ገበሬው ባህር ዳር ድረስ ሰልፍ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ፣ እንደዛ ሲሆን ነው ጥቁር ገበያው የሚደራው።

መንገድ ሲዘጋ ወይ ኬላ ሲበዛ ደሞ አዲስ አበባ እህል ይወደዳል፣ ገጠር ይረክሳል። እናንተ እህል በረንዳ ወይ ሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት ዋጋ ጠይቁ፣ የመኪናና የጫኝ አውራጅ ቀንሱና በገበያ ቀን ጠዋት ደውላችሁ ንገሯቸው። አባቴ አሁን ደላላው "መንገድ ዝግ ነው፣ ማንም አይገዛህም" ሲለው አህያውን ሳያራግፍ መጀመሪያ እኔ ጋ ይደውላል፣ ሁለቴ ጭነቱን ይዞ ተመልሷል።