አሽሙር፦ ቃሉን በቦታው ለመጠቀም

ባሕር ዳር፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል እንበል። አቦሉ ቀጥኖ መጣ። አንዷ ስኒዋን አየት አድርጋ ድምፅዋን ሳታነሳ «እትዬ፣ የዘጌው ቡና በታንኳ ነው እንዴ የመጣ? ውሃ ሳይገባበት አልቀረም» ትላለች። ይህ አሽሙር ነው። «ቡናሽ ውሃ ውሃ ይላል» ብትል ግን ዘለፋ ይሆን ነበር።

መለያው ማምለጫው ነው። ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ የገባች ባሕረ ገብ ምድር ናት፣ ቡናዋም ሐይቁን ተሻግሮ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ቡና ያፈላችው ብትቆጣ ተናጋሪዋ «ስለ መንገዱ ነው የጠየቅሁ» ብላ መውጣት ትችላለች። ማምለጫ የሌለውን ንግግር አሽሙር አትበሉት። የታወቀውን የቅኔ ትምህርት ቤት የዋሸራን ስም ሲሰማ ላደገ ጎጃሜ ነገሩ ከሰምና ወርቅ ጋር ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የቅኔ ወርቅ ምስጋናም ትምህርትም ሊሆን ሲችል፣ የአሽሙር ወርቅ ሁልጊዜ መውጊያ መሆኑ ነው።

በዓረፍተ ነገር ውስጥ ቃሉ ስም ነው፤ «አሽሙር ተናገረ»፣ «አሽሙር ጣል አደረገ»፣ «በአሽሙር ወጋችው» ይባላል። ልማድ ያደረገው ሰው አሽሙረኛ ነው። ሲጽፉ ብዙዎች የሚስቱት ከሽሙጥ ጋር ሲያምታቱት ነው። ማሽሟጠጥ ፊትና ከንፈርም ይሠሩታል፤ ዝም ብሎ ከንፈሩን ያጣመመ ሰው አሽሟጠጠ እንጂ አሽሙር ተናገረ አይባልም። ተረብ ደግሞ የሁለት ወገን ጨዋታ ነው፣ የተተረበውም ይስቃል፣ መልሶም ይተርባል። ለበጣ ከልብ ያልሆነ ሳቅና አድናቆት ነው። «ሸንቆጥ አደረገው» የሚለው የመጣው ከአለንጋ ነው፦ በጫፉ ነካ አድርጎ ማለፍ። አሽሙሩ አጭርና ቀላል ሲሆን ይህን ብትጽፉ ያምራል።

አሽሙር ለገጸ ባሕርይ ስትጽፉ በጥያቄ ጀምሩ፤ ጥያቄ ከክስ ይልቅ ለመካድ ይመቻል። ቅርብ ቦታ ለመሄድ ብዙ ብር የጠየቀውን ባጃጅ ነጂ ተሳፋሪው «ዘጌ ድረስ ነው እንዴ?» ይበለው። ዓሣ ገበያ ላይ አጥንቱ የበዛ ቀረሶ ሲቀርብ «ዓሣውም ይጾማል?» በቂ ነው። ከዚያ ዝም ይበል፤ ወይም ወሬ ይቀይር። የተብራራ አሽሙር ስድብ ይሆናል።

ሌላው መሣሪያ አክብሮት ነው። ሁልጊዜ «አንተ» የሚባባሉ ጓደኛሞች፣ አንዱ አርፍዶ ሲመጣ «ደህና አደሩ ጌታው፣ እንቅልፉ እንዴት ነበር?» ቢለው አንቱታው ራሱ ይወጋል። ይህ ግን ወደ ላይ አይሠራም። ጋሼ የሚባሉትን ሰው «እርስዎ» ማለት ወትሮም የሚገባቸው ነውና ምንም አይወጋም፤ መውጊያው በነገሩ ካልተሠራ አንቱታው ብቻውን አክብሮት ሆኖ ይቀራል። ታላቅ ለታናሽ፣ አቻ ለአቻ ሲሆን ይሰምራል።

ሌላው የሚበላሽበት ምክንያት ጊዜ ነው። ያው የታንኳው ንግግር በበረካ ላይ ቢነገር ከንቱ ነው፤ ሦስተኛው ስኒ እንደሚቀጥን ማንም ያውቃል። ሰሚው ዘጌ የት እንዳለች የማያውቅ ከሆነም ሰሙ ብቻ ይቀራል። በስልክ መልእክት ሲጻፍ ደግሞ የድምፁ እርጋታ ይጠፋና «ደህና አደሩ ጌታው» ወይ ተራ ሰላምታ ይመስላል፣ ወይ ጠብ ያስነሳል። በቅሬታ ደብዳቤ ላይ «በአሽሙር ሰደበኝ» ብሎ መጻፍም ራሱን ያፈርሳል፤ ስድብ ከሆነ የተባለውን ቃል በቃል አስፍሩ፣ አሽሙር ከሆነ ደግሞ የተነገረበትን ሁኔታ ጨምሩ፤ አለበለዚያ አንባቢው ሰሙን ብቻ ያያል።

መልስ ሲጻፍ መላሹ ለሰሙ ይመልስ። ባጃጅ ነጂው «ኧረ የለም፣ ጊዮርጊስ ድረስ ነው» ካለ አሽሙሩ አየር ላይ ይቀራል። ቡና ያፈላችው እትዬ ግን ከዚህ የተሻለ አላት፦ «ውሃ አልገባበትም እቴ፣ እንግዳ በዝቶበት ነው።»