የወሎ ቤተሰብ የዘር ሐረግ በኢንተርኔት ላይ ሲሳሳት፦ ችግርና መፍትሄ

በርስት ዘመን ዘር መቁጠር የመብት ጉዳይ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ መድረስ ነበረበት። ከተሳሳተም ሽማግሌዎቹ እዚያው ያርሙት ነበር። ዛሬ ያው ቆጠራ ፋሚሊሰርች፣ ዊኪትሪና ጄኒ ወደሚባሉ ድረ ገጾች ገብቷል። ደሴ ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው፣ ጅዳና ዋሽንግተን ያለው ዘመድ በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ይጽፋል። ስህተት ሲገባ ግን ቆሞ የሚያርም ሽማግሌ የለም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጠዋል፣ በሦስተኛው ጊዜ እውነት ሆኖ ይቀመጣል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የሰውየውን የለውጥ ታሪክ ክፈቱ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ እዚያ ይታያል። የማይመስል ነገር ያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት መሰረዝ ነው፤ ትልቁ ጥፋት የሚመጣውም ከዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ትክክል ሆኖ የተሳሳተው ከሌላው ጋር የተያያዘበት መስመር ነው። መስመሩን ፍቱ እንጂ ሰውየውን አታጥፉ።

ምልክት፦ እናት በ10 ዓመቷ ወልዳለች፣ ወይም ልጅ ከአባቱ በፊት ተወልዷል

መንስኤው ሁልጊዜ ባይሆንም በአብዛኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ1902 የተወለደች እናት ልጇን በ1920 ብትወልድ 18 ዓመቷ ነው። አንዱ ዘመድ የእናትየውን ዓመት ወደ ፈረንጅ መልሶ 1910 ብሎ ሲጽፍና ሌላው የልጁን 1920 እንደሰማው ሲያስገባው ግን እናትየዋ በ10 ዓመቷ ወለደች ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ገጹ ላይ ያለው ዓመት ከቤተሰቡ ከሰማችሁት ዓመት በስንት እንደሚለይ ቁጠሩ። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ አንደኛው ወገን አልተመለሰም። 15 ወይም 16 ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ የተመለሰውን ሌላ ሰው ሳያውቅ ደግሞ መልሶታል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለሚውል ቀን 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8። ኅዳር 1920 በፈረንጅ 1927 ሲሆን፣ ሰኔ 1920 ደግሞ 1928 ነው። ወሩ የማይታወቅ ከሆነ «ገደማ» ብላችሁ ጻፉ፤ የሰማችሁትንም ዓመት «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ቃል ጨምራችሁ በማስታወሻው ላይ አስቀምጡት። ይህች አንድ መስመር ሁለተኛውን ስህተት ታስቀራለች።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እርግጠኛ ቀን ነው። ብዙ ስደተኛ ዘመዶቻችን በጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ፤ ቀኑ የመጣው ከጉዞ ወረቀት ነው። የድሮ ሰው ዕድሜውን የሚነግረው በዘመቻና በበሽታ ነው። «በሰገሌ ጊዜ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ያሉ አያት፣ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሰገሌ ላይ በተሸነፈበት በጥቅምት 1909 ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ስለዚህ ልደታቸው 1902 ገደማ ነው። «በኅዳር በሽታ አባቴ ሞተ» የሚል ቃል 1911ን ይሰጣል። «ማይጨው ዘምቶ ቀረ» የሚለው ደግሞ መጋቢት 1928ን። ክፉ ቀን ከተባለም የትኛው ክፉ ቀን እንደሆነ ጠይቁ፤ የ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ የ1966ና የ1977 ረሃብ በወሎ ሰው አፍ አንዳንዴ በአንድ ስም ይጠራሉ። እንዲህ የተገኘ ግምት ከጃንዋሪ 1 ይልቅ እጅግ የታመነ ነው።

ምልክት፦ ሚስት በባሏ አባት ስም ትጠራለች፣ ወንድማማቾች የማይዛመዱ ይመስላሉ

ቅጹ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው። ሰይድ ይመር ብላችሁ ስትጽፉ ይመር የቤተሰብ ስም ይሆንና ፕሮግራሙ ይመር የሚባለውን ሁሉ ዘመድ ሊያደርግ ይሞክራል። መፍትሄው ስምምነት ነው፤ በመጀመሪያው ሳጥን የራስ ስም፣ በመጨረሻው የአባት ስም፣ ሴቶችም ከነአባታቸው ስም። የአያት ስም ካስፈለገ በማስታወሻው ላይ ይጻፍ። ሁሉም ዘመድ ይህንኑ ከያዘ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ማዕረግም እንዲሁ የራሱ ሳጥን አለው። ሼህ፣ ሐጂ፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች ከስም ጋር ተለጥፈው ሲገቡ አንድ ሰው ሦስት ገጽ ያወጣል። የአምባሰል ዘር ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ጃንጥራር የአምባሰል ገዥዎች ማዕረግ ሆኖ ሳለ የአባት ስም እየመሰለ ይገባል። ፊደሉንም አትርሱ። ሐሰንና ሀሰን፣ ፀሐይና ጸሐይ ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለፍለጋው ሁለት ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ የባሰ ይበዛሉ። ሌሎቹን አጻጻፎች በተለዋጭ ስም ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው።

ምልክት፦ አንድ ሰው በሁለት ዘመን ይኖራል፣ የማናውቃቸው ልጆች በርክተውበታል

እዚህ የሁለት ሰው ገጽ በስም መመሳሰል ምክንያት ተዋህዶ አንድ ሆኗል። ወሎ ላይ ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሁሉም የሚያውቃቸውን እንውሰድ። እቴጌ መነን ሊበን አመዴ የየጁው የራስ አሊ አሉላ እናት፣ የዓፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ ሚስት፣ የ19ኛው መቶ ዘመን ሴት ናቸው። እቴጌ መነን አስፋው ደግሞ በ1883 አምባሰል ውስጥ ተወልደው በ1954 ያረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት ናቸው፤ አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ደሴ ያለው ትምህርት ቤት የሚጠራባቸው ወይዘሮ ስህን ሚካኤል። ሁለቱም እቴጌ፣ ሁለቱም መነን፣ የሁለቱም ዘር ከወሎ ነው። ስሙንና ማዕረጉን ብቻ ያየ ሰው ቢያዋህዳቸው አንዷ የሌላዋን ልጆች ትወልዳለች። እነዚህ እንዲህ ከተምታቱ በጎረቤት ቀበሌ የነበሩ ሁለት ይመር አሊዎች እንዴት አይምታቱ!

ማረሚያው ይህ ነው። በለውጥ ታሪኩ ውስጥ ውህደቱ የተደረገበትን መስመር ፈልጉ። ፋሚሊሰርች ላይ ከውህደቱ በኋላ ሌላ ለውጥ ካልተደረገ በቀጥታ መቀልበስ ይቻላል፤ ለውጥ ተከታትሎ ከሆነ ግን የተዋጠውን ገጽ መልሳችሁ አንስታችሁ ልጆቹን፣ ሚስቶቹንና ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ ወደየባለቤታቸው መመለስ አለባችሁ። ሥራው አድካሚ ነው፤ በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምራችሁ የማን ልጅ የማን እንደሆነ ሳትለዩ አትጀምሩት። ሲያልቅ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን መዝግቡ፤ ያለዚያ ፕሮግራሙ ነገም «አንድ ናቸው ወይ?» እያለ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠይቃል፣ አንዱም አዎ ይላል። ጄኒ ላይ ነገሩ ከከበዳችሁ ኩሬተር ለሚባሉት በጎ ፈቃደኛ አራሚዎች መጻፍ ይቻላል።

ሁለት ገጽ ከማዋሃድ በፊት የሚጠየቀው ስም አይደለም፤ እናታቸው ማን ናት፣ የየት ቀበሌ ናቸው፣ ማንን አገቡ የሚለው ነው። ሦስቱ ካልገጠሙ አታዋህዱ።

ምልክት፦ የሙስሊም አባትና የክርስቲያን ልጅ መስመር ተቆርጧል

ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ይህ ነው። ወሎን የማያውቅ አራሚ፣ አንዳንዴም የገዛ ዘመድ፣ አህመድ የሚባል አባት ሥር ገብረ ሥላሴ የሚባል ልጅ ሲያይ ስህተት መስሎት መስመሩን ይቆርጠዋል። ወይም ሙስሊሙን ወንድም ትቶ ክርስቲያኑን ብቻ ያስቀራል። ተቃራኒውም አለ። በዚህ መንገድ ለመቶ ዓመት አብሮ ሰርግና ለቅሶ የተቀመጠ ቤተሰብ በአንድ ጠቅታ ሁለት ይሆናል።

በታሪክ የታወቀውን ብቻ ብናይ፣ ንጉሥ ሚካኤል የኢማም አሊ ልጅ መሐመድ አሊ ነበሩ። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የልጅ ኢያሱ አባት፣ የእቴጌ መነን አስፋው አያት እርሳቸው ናቸው። መሐመድ አሊንና ሚካኤልን ሁለት ሰው አድርጎ የሚያስገባ፣ ወይም «ኢማም አሊ የክርስቲያን ንጉሥ አባት ሊሆኑ አይችሉም» ብሎ የሚቆርጥ ሰው የወሎን ታሪክ ነው የሚቆርጠው። በየቤታችንም ያው ነው፤ በጋብቻ፣ በክርስትና፣ በመስለም ስም ይቀየራል፣ ዘር ግን አይቀየርም።

የተቆረጠውን መስመር ከለውጥ ታሪኩ መልሱ። ሁለቱንም ስም ጻፉ፤ ሰውየው በኖረበት ወይም በሞተበት ስም ዋናውን፣ ሌላውን በተለዋጭ ስም፣ መቼና በምን ምክንያት እንደተቀየረ ከሚያስረዳ አጭር ማስታወሻ ጋር። ከዚያም በገጹ ራስ ላይ «ይህ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው፤ የስሞቹ ልዩነት ስህተት አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ አኑሩ። ፋሚሊሰርች ለዚህ የሚሆን የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ አለው።

ምልክት፦ ልጅ የአያቱ ልጅ ሆኗል፣ ወይም እናቱ ሌላ ሆናለች

በአያት እጅ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ በአያቱ ስም ነው፤ ወረቀቱን ብቻ ያየ ዘመድ የእናቱ ወንድም ያደርገዋል። በ1966ና በ1977 ወላጆቻቸውን አጥተው አክስትና አጎት ያሳደጓቸው፣ ወይም ወላጆቻቸው ለሰፈራ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ሲሄዱ የቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። አባት ሁለት ሚስት ከነበራቸውም ልጆቹ በስም የታወቀችው ሚስት ሥር ይጠቃለላሉ። «የእናት ልጅ ነው ወይስ የአባት ልጅ?» ብሎ የሚጠይቅ ይህን ሁሉ ያጠራል።

ልጁን ሁለቱም ዘንድ አኑሩት፤ ከወለዱት ጋር በመወለድ፣ ካሳደጉት ጋር በማደጎ ወይም በማሳደግ። የግንኙነቱን ዓይነት መምረጥ ይቻላል። ነገር ግን ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ። ያሳደጉትን አባት እንጂ የወለዱትን የማያውቅ ሰው ይህን ከስልክ ላይ ሊያነበው አይገባም። በሕይወት ያሉ ሰዎች ጉዳይ ከሆነ ጨርሶ አትጻፉት።

ምልክት፦ አያታችን ቦረና ዞን ተወለዱ ይላል

ፕሮግራሙ ቦታ ሲጠቁም የደቡብ ወሎን ቦረና ትቶ የኦሮሚያውን ቦረና፣ የወሎን ኮምቦልቻ ትቶ የሐረርጌውን ሊያቀርብ ይችላል። ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ቀበሌውን፣ ወረዳውንና «ደቡብ ወሎ» ወይም «ሰሜን ወሎ» የሚለውን አስከትላችሁ ጻፉ።

ምልክት፦ ያረማችሁት ነገር ተመልሶ ይሳሳታል

ምክንያቱ ጠላትነት አይደለም። ስታርሙ ለምን እንዳረማችሁ አልጻፋችሁም፤ ሌላው ዘመድ በእጁ ያለውን መዝገብ አይቶ እናንተን ተሳሳቱ ብሎ ያርማል። የምክንያት ሳጥኑን ባዶ አትተዉት። የወሎ ዘር ማስረጃ ከወረቀት ይልቅ በሰው ቃል ነውና ቃሉን ማስረጃ አድርጉት፤ ማን ተናገረ፣ ለሰውየው ምኑ ነው፣ የት፣ መቼ። ድምፁን በስልክ ቅዱ፣ በፈቃዳቸው አስቀምጡት።

ለሚገለብጥባችሁ ሰው ደግሞ ጻፉለት። እንዲህ ያለ መልእክት ብዙ ጊዜ ይሠራል፦ «እንደምን ሰነበቱ። ስለ አያታችን የጻፉትን አይቻለሁ፤ ስለደከሙበት አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ የእናታቸው ስም ዘሐራ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ይህንን የነገሩን ታናሽ እህታቸው ናቸው፣ ድምፃቸው ተቀድቷል፣ እልክልዎታለሁ። እርስዎ ዘንድ ያለው ከማን የተገኘ ነው? ምናልባት የሁለት ሚስት ልጆች ተምታተውብን እንደሆነ አብረን እንየው።» ጥያቄው ከልብ ይሁን፤ ያኛውም ወገን እውነት ይዞ ሊሆን ይችላል። ገጹንም ተከታተሉት፣ ለውጥ ሲደረግ መልእክት ይደርሳችኋል።

አንሴስትሪና ማይሄሪቴጅ በሚባሉት ሌሎች ድረ ገጾች ላይ ያለው የዘር ሐረግ ግን የአንድ ሰው ንብረት ስለሆነ ልትነኩት አትችሉም፤ ማድረግ የሚቻለው ባለቤቱን መጠየቅ ነው። መልስ ካልሰጠ የእርሱን ሐረግ ወደ እናንተ አትገልብጡ፤ በጋራው ገጽ ላይም ያ መረጃ ምንጭ ያልተጠቀሰለት መሆኑን መዝግቡና ከሽማግሌዎቹ የሰማችሁትን ይዛችሁ ቀጥሉ።