ፖስትግሬስ አፕግሬድ ካረጋችሁ በኋላ ዳታቤዙ ከተንቀራፈፈ፦ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ቅዳሜ ሌሊት ከ13 ወደ 16 አሻገርነው፣ ቨርዥን የሚያሻግረው ቱል ፒጂ አፕግሬድ ያለ አንድ ኤረር ጨረሰ፣ ደስ ብሎን ተኛን። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ሪፖርት አስር ደቂቃም አልበቃው አለ።

መጀመሪያ የሰራነው ስህተት አዲሱን ቨርዥን መውቀስ ነው። ወደ ድሮው እንመለስ ስንባባል ነበር እኮ! ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ኩዌሪው እንዴት እንደሮጠ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ስናደርገው ግን ፕላነሩ፣ ማለትም ኩዌሪው የሚሄድበትን መንገድ የሚመርጠው ክፍል፣ 1 ረድፍ ይመጣል ብሎ ገምቶ ኔስትድ ሉፕ (ለጥቂት ረድፍ የሚያዋጣ የማገናኛ ዘዴ) መርጧል፣ የመጣው 380 ሺህ። ግምቱ እንዲህ ሲራራቅ ካያችሁ ሰርቨሩን ተዉትና ስታትስቲክሱን (ፕላነሩ የሚገምትበትን የዳታ ማጠቃለያ) ፈትሹ።

ሁለተኛው፣ ፒጂ አፕግሬድ ሁሉን ይዞ ይመጣል ብሎ ማመን። ዳታው ይመጣል፣ ኢንዴክሱም ይመጣል፣ የፕላነሩ ስታትስቲክስ ግን እስከ 17 ድረስ አይመጣም። በ2025 የወጣው 18 አብዛኛውን ያሻግራል፣ ሆኖም በክሪኤት ስታትስቲክስ ትዕዛዝ ራሳችሁ የሰራችኋቸውን ተጨማሪ ስታትስቲክሶች አይጨምርም።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚወድቅበት፣ አውቶቫኪዩም (ከጀርባ በራሱ ቴብሎችን የሚያጸዳውና አናላይዝ የሚያደርገው፣ ማለትም ስታትስቲክስ የሚሰበስበው) ይጨርሰዋል ብሎ መጠበቅ ነው። አውቶቫኪዩም አናላይዝ የሚያደርገው የተቀየሩትን ረድፎች ቆጥሮ ነው፣ በዲፎልት 50 ረድፍና የቴብሉ 10 ፐርሰንት ሲቀየር፣ ቆጣሪው ደግሞ በአፕግሬዱ ዜሮ ሆኗል፣ ስለዚህ ማንም የማይጽፍበት የድሮ ትራንዛክሽን ቴብል ወር ሙሉ ቢቀመጥም ዞር ብሎ አያየውም። እኛን የጎዳን ይሄው ነው። ቫኪዩምዲቢ የሚባለውን ቱል በአናላይዝ ኢን ስቴጅስ ኦፕሽን ራሳችሁ አስነሱት፣ መጀመሪያ በ1፣ ከዛ በ10፣ መጨረሻ በዲፎልቱ 100 ታርጌት (የስታትስቲክሱ ዝርዝርነት መጠን) ስለሚሄድ ፕላነሩ ቶሎ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ብዙ ስራ ጎን ለጎን የሚያስኬደውን ጆብስ የሚለውን ኦፕሽን ጨምሩበት፣ ኮር ካላችሁ ጊዜ ይቆጥባል። ዩዘር ከመግባቱ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር ይለቅ፣ ማለትም ይጨርስ፣ ዳውንታይም ስትጠይቁም ይሄን ደቂቃ ደምሩት።

18 ላይ ያላችሁ ግን ይሄንኑ ዝም ብላችሁ አታስኪዱ፣ የመጣውን ጥሩ ስታትስቲክስ በ1 ታርጌት ሻካራ ግምት ይተካባችኋል። ስታትስቲክስ የጎደላቸውን ብቻ የሚነካውን ሚሲንግ ስታትስ ኦንሊ ጨምሩ፣ ቀጥሎ ቫኪዩምዲቢን በአናላይዝ ኦንሊ አስኪዱ። ላስት አናላይዝ (ቴብሉ መጨረሻ አናላይዝ የተደረገበት ጊዜ) ባዶ ስለሆነም አትደንግጡ፣ እሱ ሌላ ቆጣሪ ነው፣ አይሻገርም፤ የተሻገረውን የፕላነር ስታትስቲክስ የምታዩት ፒጂ ስታትስ ቪው ውስጥ ነው።

ፓርቲሽን (በልጅ ቴብሎች የተከፋፈለ ትልቅ ቴብል) ካላችሁ ደግሞ አውቶቫኪዩም ልጆቹን እንጂ እናት ቴብሏን አናላይዝ አያደርግም፣ ስሟን ጠርታችሁ በእጅ አድርጉላት።