ለሜዳ ዴዚ ማዳበሪያ አትስጡ

ዙሪያዋ ነጭ፣ መሃሏ ቢጫ የሆነችው የሜዳ ዴዚ ከሱፍ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት። በጣም ነው የምወዳት፤ ብዙም አታስቸግርም። ብቻ አፈሩን አታዳብሩላት። ማዳበሪያ ሲበዛባት ቅጠሏ ይንዠረገጋል፣ አገዳዋ ይረዝምና ይጋደማል፣ አበባዋ ግን ያንሳል። ሳር መሃል ከሆነች ደግሞ ሳሩ ይፋፋና ይውጣታል። ሳሳ ያለ፣ ውሃ የማይተኛበት አፈርና ሙሉ ፀሐይ ይበቃታል።

ዘሩን አትቅበሩት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። አፈሩን አለስልሱ፣ ዘሩን በትኑ፣ በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ከዚያ ውሃ በስሱ አርከፍክፉ። እስኪበቅል እርጥበት አይለየው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል።

በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ብታወጣ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትነቅሏት! አብዛኛውን ጊዜ የምታብበው በሁለተኛው ዓመት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዘሯን ራሷ ስለምትበትን፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ አንዳንድ አካባቢዎች እንደ ወራሪ አረም ትቆጠራለች። ስለዚህ እናንተ ጋ መዝራት ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ። የጠወለገውንም አበባ ዘር ሳይዝ ቁረጡት። ሥሩ ሲጨናነቅ ከፋፍላችሁ እንደገና ትከሉ።