አዲስ ቀለምና አዲስ ቁም ሳጥን የገባበትን ቤት አየር እንዴት እናጥራ?

ለእንቁጣጣሽ ወይም ለሠርግ ቤት ማሳመር የቆየ ልማዳችን ነው። ችግሩ ግን ግድግዳው የሚቀባውና የኤም ዲ ኤፍ (የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ቁም ሳጥኑ የሚገጠመው ብዙ ጊዜ በዓሉ ሊደርስ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ያውም ዝናቡ ሳያባራና መስኮት ተዘግቶ በሚውልበት ሰሞን መሆኑ ነው። በዚያው ሌሊት ሕፃናት እዚያው ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። ሥራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ማከናወን ቤተሰቡ የሚተነፍሰውን ኬሚካል በእጅጉ ይቀንሳል።

በመጀመሪያ ምንጮቹን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የዘይት ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ አኳራጅ (ቀለም ማቅጠኛ) እና ኮላ ኃይለኛ ሽታ ቢኖራቸውም፣ የሚለቁት ጋዝ አብዛኛው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ተንኖ ያልቃል። የቺፕውድ፣ የኤም ዲ ኤፍና የኮምፖርሳቶ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የእንጨቱን ፍቅፋቂ ወይም ስስ ንጣፍ የሚያያይዘው ሙጫ ብዙውን ጊዜ ከዩሪያና ከፎርማልዴሃይድ የተሠራ ሲሆን፣ ሙቀትና እርጥበት ባገኘው ቁጥር ጥቂት በጥቂት እየፈረሰ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፎርማልዴሃይድ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ይህ ጋዝ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት በቤት ውስጥ ያለው መጠን በማንኛውም የ30 ደቂቃ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.1 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ስለሆነም የቀለሙ ሽታ ጠፋ ማለት አየሩ ጠራ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ግዢው ነው። ለግድግዳና ለኮርኒስ በውሃ የሚቀጥነውን ፕላስቲክ ቀለም መምረጥ፣ የዘይት ቀለምን ደግሞ ለበርና ለብረት ብቻ ማስቀረት ይበጃል። እንዲህ ያለ በሙጫ የተያያዘ ጣውላ ሲገዛ ኢ1 (E1) የሚል ምልክት ያለበትን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህ የአውሮፓ ደረጃ ሲሆን የሚለቀቀው ፎርማልዴሃይድ የተገደበ መሆኑን ያመለክታል።

ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው ግን ጠርዙን ማሸግ ነው። የቁም ሳጥን ፊት በላሜራ ወይም በፎርማይካ ተሸፍኖ ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ግድግዳ የዞረው ጀርባው፣ የመደርደሪያዎቹ የኋላ ጠርዝ፣ የማጠፊያ ቀዳዳዎቹና በመታጠቢያ ገንዳ ሥር ለቧንቧ ማሳለፊያ የተቆረጠው ክብ ጥሬውን ይቀራሉ። ጣት ሲያስነኩት የሚሻክር፣ ቡናማና ዱቄት መሳይ ሆኖ የሚታየው ቦታ ሁሉ ጋዙ በቀላሉ የሚወጣበት በር ነው። አናጺው ዕቃውን ገጥሞ ከመሄዱ በፊት እነዚህን ቦታዎች በጠርዝ ማሸጊያ ወይም በሁለት ዙር በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ እንዲደፍን መንገር ይገባል። ዕቃው ግድግዳ ላይ ከተጠጋ በኋላ ይህን ማድረግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ጀርባውን አዙሮ ማየት መልካም ነው። በተለይ በገንዳው ሥር ያለው ጠርዝ ውሃ ሲነካው የሚለቀው ጋዝ ስለሚጨምር ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ከዚያ በኋላ አየር ማንሸራሸር ነው። አንድ መስኮት ገርበብ አድርጎ መተው ብዙም አይረዳም፤ ትይዩ ያሉትን ሁለት መስኮቶች፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነም መስኮቱንና የመግቢያውን በር በአንድ ጊዜ መክፈት አየሩን ከዳር እስከ ዳር ጠርጎ ያወጣዋል። ሙቀት ጋዙን ስለሚያፋጥነው ፀሐይ በምትበረታበት በእኩለ ቀን ለረጅም ሰዓት መክፈቱ ይመረጣል። በዚህ ጊዜ የቁም ሳጥኑ በሮችና መሳቢያዎችም ተከፍተው ይዋሉ፤ ልብስ ደግሞ ጋዙን ስለሚይዝ ቶሎ አይገባባቸው። የፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ የዘይት ቀለም ከሆነም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አለመተኛት አስተዋይነት ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ከዚህም በላይ መታገስ ያስፈልጋል። ንፋስ ይመታናል የሚል ስጋት ካለ፣ ቤተሰቡ ሌላ ክፍል ሆኖ ወይም ከቤት ወጥቶ ሳለ መክፈት ይቻላል።

ሽታውን ለማጥፋት ዕጣን ማጨስ የተለመደ ቢሆንም መቅረት አለበት። ጭሱ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ጋዙን አያስወግድም፤ እንዲያውም የዕጣንና የከሰል ጭስ የራሱን ብናኝና ፎርማልዴሃይድ ይጨምራል። በድስት የሚተከል አበባም በተለመደው ቁጥሩ የአንድን ክፍል አየር ለማጥራት አቅም የለውም።

ከሥራው የተረፈ ቀለም፣ አኳራጅና ኮላ ክዳኑ ቢጠብቅም ትነቱ ስለማይቆም በመኝታ ቤት ወይም በደረጃ ሥር መቀመጥ የለበትም። ቤተሰቡ ከገባ በኋላ ራስ ምታት፣ የዓይን ማሳከክ ወይም ደረቅ ሳል ተከስቶ ከቤት ሲወጡ የሚተው፣ ሲመለሱም የሚያገረሽ ከሆነ፣ ምንጩ እዚያው ቤት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ሲሆን በቅርቡ የገባውን ዕቃ ወደ በረንዳ አውጥቶ ለውጡን መከታተል፣ ሕመሙ ካልተወ ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቤቱ በቅርቡ መታደሱን ጭምር ማስረዳት ይገባል።