የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት መጋጠሚያን ለእጅ እንዲመች አድርጎ እንዴት መቅረጽ ይቻላል

በስትራቶካስተር (በፌንደር ኩባንያ የታወቀ ጊታር) ስልት፣ አንገቱ በብሎን በሚታሰር ጊታር ላይ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጠው የብረት መስመር) አካባቢ አንገቱ ቢወፍር 22 ወይም 23 ሚሊሜትር ነው። ሶሎ ለመጫወት ወደ 20ኛው ፍሬት ስትወጡ ግን መዳፋችሁ 53 ሚሊሜትር ከሚያህል እንጨት ጋር ይጋጫል፦ 25ቱ የአንገቱ ጫፍ፣ 28ቱ ደግሞ ከሥሩ ያለው ቦዲ፣ ማለትም የጊታሩ አካል ነው። በዚያ ላይ ብሎኖቹ የሚያልፉበት፣ ጠርዙ የሚቆረቁር የብረት ላሜራ አለ። አውራ ጣት ማረፊያ ያጣል፣ የእጅ አንጓ ይጠማዘዛል። ጊታሩን ከባዶ የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ይህን ተሸክማችሁ የምትኖሩበት ምክንያት የለም።

መጋጠሚያው በሁሉም በኩል እኩል አያስቸግርም። ጊታር አንሱና ላይኛዎቹን ፍሬቶች ያዙ፤ መዳፋችሁን የሚገፋው በቀጭኑ ክር በኩል፣ በታችኛው ከተዌይ (እጅ እንዲገባ ቦዲው ጎድጎድ ተደርጎ የተቆረጠበት ቦታ) ሥር ያለችው ማዕዘን ናት። መነሳት ያለባት እሷ ናት። ከሌላው ቦታ የሚነሳ እንጨት ጊታሩን ያዳክማል፣ ለእጅ ግን የሚጨምረው ነገር የለም።

ታዲያ ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ዋናው ብሎን እዚያችው ማዕዘን ውስጥ መቀመጡ ነው። ውፍረታቸው ከ0.010 ኢንች የሚጀምር ስድስት ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ በድምሩ ወደ 45 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ይህ ጉልበት የአንገቱን ራስ ወደ ክሮቹ አቅጣጫ ያጥፈዋል፤ የአንገቱ መጨረሻ ወደ ቦዲው ውስጥ ይጫናል፣ ከኪሱ (አንገቱ ከሚቀመጥበት የቦዲው ጉድጓድ) አፍ በኩል ያለው ክፍል ግን ሊነሳ ይሞክራል። ይዘው የሚያስቀሩት ከኪሱ አፍ አጠገብ ያሉት ሁለቱ የፊት ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ ብሎኑን ማስቀረት አይቻልም፤ ቦታውን ማዛወር እንጂ።

1. ኪሱን አጥብቃችሁ አውጡ

የተለመደው ልክ ስፋቱ 56፣ ጥልቀቱ 16፣ ርዝመቱ 76 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እናንተ ግን በእጃችሁ ያለውን አንገት ለኩና ራውተሩን የሚመራውን ፎርማ በእሱ ልክ ከኤምዲኤፍ (ከታመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ቁረጡ። በራውተር (እንጨት በሚቦረቡር ማሽን) ስትቆፍሩ በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊሜትር በላይ አትውረዱ። ሲያልቅ አንገቱን ያለ ብሎን ኪሱ ውስጥ አስገቡና ቦዲውን በአንገቱ ይዛችሁ አንሱት፣ ከሥር እጃችሁን ደግፋችሁ። ሳይወድቅ ከተንጠለጠለ ኪሱ ጥሩ ነው።

ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል ስትራቶካስተርን በ3 ብሎን ሲያስር ቆይቷል፤ የዚያ ዘመን ጊታሮች አንገታቸው ወደ ጎን ይንሸራተታል የሚል ስም አላቸው። እኔ ከብሎኑ ቁጥር ይልቅ የኪሱ መላላት ዋናው ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ኪሱ ከጠበቀ ከጀርባው እንጨት ለመቀነስ ነጻነት ታገኛላችሁ።

2. የብሎኖቹን ቦታ ምረጡ

በተለመደው ላሜራ ላይ አራቱ ቀዳዳዎች 38 በ51 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሠራሉ። እዚህ ላይ ላሜራውን ተዉት፤ ለየብሎኑ እንጨት ውስጥ የሚቀበር፣ እንደ ጽዋ ጎድጎድ ያለ የብረት ሮንዴላ ተጠቀሙ። ጊታር አምራቹ ኢባኔዝ በብዙ ጊታሮቹ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሦስቱን ብሎኖች በቦታቸው ትታችሁ በቀጭኑ ክር በኩል ያለውን የፊት ብሎን ብቻ 12 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡት። ከዚያ በላይ መሳብ አያስፈልግም፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ጉልበቱን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከኪሱ ጠርዝ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ይራቅ፣ በአንገቱ መሐል ከሚያልፈው የብረት ዘንግም ይሽሽ።

3. ከመቅረጻችሁ በፊት ብሱ

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። የቦዲው ጀርባ ጠፍጣፋ ሳለ ፑንታው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ጀርባው ተዳፋት ከሆነ በኋላ ግን ፑንታው እየተንሸራተተ ብሎኑን ያጣምመዋል። የሮንዴላውንም ጉድጓድ አሁኑኑ፣ ጠፍጣፋ ሥር በሚያወጣ ፑንታ ቆፍሩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ቦዲው 44 ሚሊሜትር፣ ኪሱ 16 ከሆነ ከሥር 28 ይቀራል። በተዛወረው ብሎን ቦታ ላይ 7 ሚሊሜትር ልታነሱ ካሰባችሁና ሮንዴላው ሌላ 4 የሚቀበር ከሆነ፣ ጉድጓዱን ከአሁኑ ጀርባ 11 ሚሊሜትር ታወርዱታላችሁ። ሮንዴላው የሚያርፍበት እንጨት 17 ሚሊሜትር ነው። ብሎኑ አንገቱ ውስጥ ከ16 እስከ 18 ሚሊሜትር ቢገባ ይበቃል፤ ስለዚህ እዚህ የሚገባው ባለ 35 ብሎን ነው። የተለመደው ባለ 45 እዚያ ቢገባ 28 ሚሊሜትር ዘልቆ፣ 25 ብቻ ውፍረት ያለውን አንገት በስቶ በፍሬቶቹ መሐል ብቅ ይላል። እንጨት የማይነሳባቸው ሦስቱ ብሎኖች ደግሞ ባለ 40 ይሻላቸዋል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ጽፋችሁ ለዩዋቸው።

ቦዲው ላይ ያለው ቀዳዳ ብሎኑን ሳይነክስ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ለ4.2 ብሎን 4.5 ፑንታ ልኩ ነው። አንገቱን በሞርሳ አጥብቃችሁ ምልክቱን ካስተላለፋችሁ በኋላ፣ አንገቱ ሜፕል ከሆነ በ3.2 ፑንታ ብሱት። የብሎኑን ጥርስ ሰም ወይም ደረቅ ሳሙና ቀቡት፤ በጠንካራ እንጨት ውስጥ ደርቆ የሚገባ ብሎን ይቀነጠሳል።

ቦዲውን ከዋንዛ የምትሠሩ ከሆነ፣ ዋንዛ ለመቅረጽ ደስ የሚል ግን ከሜፕል ለስለስ ያለ እንጨት ስለሆነ፣ ከሮንዴላው ሥር ሁለት ሚሊሜትር ጨምራችሁ አስቀሩ፤ ሮንዴላው ሲጠብቅ እንጨቱን ይጫነዋል።

4. ማዕዘኑን ቅረጹ

አንገቱን በብሎኖቹ እሰሩት። ቦዲውንና የአንገቱን ጫፍ ለየብቻ ቀርጾ በኋላ ማገናኘት ሁልጊዜ እጅ ላይ የሚሰማ ደረጃ ይተዋል፤ አንድ ላይ ታስረው መቀረጽ አለባቸው።

በጀርባው ላይ ከከተዌዩ ጥልቅ ቦታ ተነስታችሁ፣ በቀጭኑ ክር በኩል ወዳለው የኋላ ብሎን አግድም የሚያመራ ቀስት መሰል መስመር በእርሳስ ሳሉ። በጎኑም ላይ እስከ የት እንደምትወርዱ ምልክት አድርጉ፤ በጣም ቀጭን በሆነው ቦታ ከኪሱ ሥር 18 ሚሊሜትር እንጨት ይቅር። ከዚያ በታች መውረድን አልመክርም። ሻካራውን ሞረድ ወደ እንጨቱ ክር አቅጣጫ አዘንብላችሁ፣ ከጠርዝ ወደ ውስጥ ግፉ፤ ወደ ውጭ ከገፋችሁ የኪሱ ከንፈር ተሰንጥሮ ይነሳል። መስመሩ ጋ ለመድረስ አንድ ሚሊሜትር ሲቀራችሁ ወደ ለስላሳው ሞረድ ተሻገሩ።

ቀጥሎ የአንገቱን ጫፍ ማዕዘን አለዝቡ። እዚህ ብዙ አትውሰዱ፤ ከክቡ አንገት ወደ ጠፍጣፋው ጫፍ ያለው ሽግግር ዝም ብሎ እንዲፈስ ብቻ ነው። ኪሱ ውስጥ የሚቀመጠውን የአንገቱን ጎንና ሥር ግን በፍጹም አትንኩ።

5. በጠመኔ ፈትኑት

ቀለምና ቫርኒሽ ሳታስነኩት ክር ግጠሙና ቃኙት። መዳፋችሁንና የአውራ ጣታችሁን ሥር ጠመኔ ቀቡ። ተቀምጣችሁም ቆማችሁም በ17ኛው፣ በ20ኛውና በ22ኛው ፍሬት ላይ ተጫወቱ፣ ክሩንም እየጎተታችሁ። ስትጨርሱ ጀርባውን ገልብጡና እዩ። ሰፋ ብሎ ደብዘዝ ያለ ነጭ ካለ እጃችሁ ዐርፎበታል ማለት ነው፤ ተዉት። ጠባብና ደማቅ ነጭ መስመር ካለ ግን እዚያ ጠርዝ ይቆረቁራችኋል። መስመሩን ብቻ በሞረድ አንሱ፣ ጥረጉት፣ እንደገና ጠመኔ ቀብታችሁ ተጫወቱ። ደማቁ መስመር እስኪጠፋ ይህን ደጋግሙ። ጊታሩ የሌላ ሰው ከሆነ ፈታኙም ያ ሰው ይሁን፤ የእጅ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል።

6. ልስላሴና ቫርኒሽ

ክሩንና አንገቱን ፍቱ። በ80 የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ120፣ በ180 እና በ220 ጨርሱ። በመጨረሻው ዙር ቦታውን እርጥብ ጨርቅ አስነኩት፤ ሲደርቅ የሚቆመውን የእንጨት ፀጉር በ220 መልሳችሁ አንሱት። ከጎን በኩል መብራት ብታበሩ የቀረ የሞረድ ጭረት ጥላውን ያሳያችኋል።

ቫርኒሽ ከመቀባታችሁ በፊት የኪሱን ውስጥ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ቫርኒሽ ወደ ኪሱ ከገባ የጠበቀው ልክ ከመጠን በላይ ይጠብቅና አንገቱ ሲገባ የኪሱን ጠርዝ ይሰነጥቃል።

ብሎኖቹን መልሳችሁ ስታስሩ በካቻቪቴ፣ በእጅ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ። ክሩ ተወጥሮ አንድ ሳምንት ካደረ በኋላ አላልታችሁት አራቱንም ብሎኖች አንዴ ፈትሹ፤ አዲስ እንጨት ሲረጋ ሩብ ዙር ያህል ሊቀበል ይችላል።