የአሮጌ ጭቃ ቤት ፕላን አልገጥም ሲል

የወላጆቻችንን ጭቃ ቤት ከማደሳችን በፊት ያለበትን ሁኔታ በኦቶካድ (በኮምፒውተር ፕላን መሣያ ፕሮግራም) ስናነሣ ሥዕሉ አልዘጋ አለ፤ የክፍሎቹ ልክ ተደምሮ ከውጭው ግድግዳ ልክ ጋር አይገናኝም። በሜትር ደግመን ለካን፣ የሌዘር መለኪያም ተዋስን፤ ቁጥሩ ያው ነው።

ጉዱ የታየው ሳሎኑን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ስንለካው ነው፦ አንዱ 5.42፣ ሌላው 5.19 ሜትር። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ (90 ዲግሪ) ቢሆኑ ሁለቱ እኩል በሆኑ ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱን ክፍል አራት ጎንና አንድ ሰያፍ ይዘን፣ በሰያፉ ለሁለት ጎነ ሦስቶች ከፍለን ሣልነው፤ ሁለተኛው ሰያፍ ማረጋገጫ ሆነ። የግድግዳውን ውፍረት በየበሩና በየመስኮቱ ለካን። ምርጊት በምርጊት ላይ ሲደረብ ስለኖረ አንዱ 18፣ አንዱ 27 ሳንቲ ሜትር ነው! ሥዕሉ ያን ጊዜ ገጠመ።

ሰያፉን የሚያግድ ቁምሳጥን ካለ ይነሣ፤ በግምት አይሆንም።